አንቀመጥም ያሉት ሽማግሌዎች

የዘጠናዎቹ መጨረሻ ነበር፤ እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ። ሰፈራችን ከኢየሩሳሌም ጫፍ ኮረብታ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤቴ ግን መሃል ከተማ፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ ነበር። አባቴ በዚህ ስም ይኮራል። «ልጄ የምትማረው በገዛ መንገዷ ላይ ነው» ይላል፣ ላገኘው ሰው ሁሉ። በፈተና የሚገባበት ትምህርት ቤት ስለሆነ ከእኛ ሰፈር ያለፈ የአገሬ ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የመግቢያው ወሬ የተሰማ ቀን በደረጃችን ላይ እልል ተብሏል።

እልል ካሉት ውስጥ አንዳቸውም የማያውቁት ነገር ቢኖር፣ እዚያ ትምህርት ቤት ለመድረስ ቆሜ መሄድ እንዳለብኝ ነው።

ከእኔ በፊት፣ ከመጀመሪያው ፌርማታ የሚሳፈር አንድ የክፍሌ ልጅ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር የአውቶቡሱን የኋላ ክፍል ይይዛል። አንዱ ወንበር ላይ ቦርሳ፣ አንዱ ላይ ኮት፣ አንዱ ላይ የስፖርት ጫማ። እኔ ስጠጋ «ታፉስ» ይለኛል፤ ተይዟል ማለት ነው። ወደ ፊት ስሄድ ከጓደኞቹ አንዱ ቀድሞኝ ሮጦ ይቀመጥና እሱም «ታፉስ» ይላል። አንድ ቀን የሚያስቀምጡት ዕቃ አለቀባቸውና የክፍሌ ልጅ ሳንድዊቹን ወንበር ላይ አደረገው። «ታፉስ» አለኝ። ሳንድዊቹ እስከ መሃል ከተማ ተቀምጦ ሄደ፣ እኔ ቆሜ። ለቆዳዬ ቀለም ያወጣልኝ ስምም ነበር፤ ለእሱ እዚህ ገጽ ላይ ቦታ አልሰጠውም።

ሌላ ልጅ ቢሆን ይጮህ ነበር። እኔ ግን አስተማሪዋ ስም ስትጠራ እንኳ «አለሁ» የማልል ልጅ ነበርኩ፤ ተራዬ ሲደርስ ቀና ብላ በዓይኗ ትፈልገኛለች እንጂ መልስ አትጠብቅም። ስለዚህ አልጮህኩም። አውቶቡሱን ተውኩት።

በእግር መሄድ ጀመርኩ። ኮረብታውን ወርጄ፣ ሌላውን ወጥቼ፣ የማሃኔ ይሁዳን ገበያ አቋርጬ ክፍል ስገባ ሁሌም ትምህርቱ ተጀምሯል፤ እኔም ላብ በላብ ነኝ። ብርዱ ሲገባ በልቤ ወሰንኩ፦ ከሐኑካ በዓል በኋላ ይህን ትምህርት ቤት ትቼ ሰፈር ያለው እገባለሁ፤ ለቤተሰቤም ትምህርቱ ከበደኝ እላለሁ። ውሳኔውን ለማንም አልተናገርኩም።

ያጋለጠኝ ቲማቲም ነው። ከእኛ በላይ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታችን አንድ ጠዋት ገበያ ወርዳ ቲማቲም ስትመርጥ አየችኝ። ድምጿ በተዘጋ መስኮት የሚያልፍ ሴት ናት።

«አንቺ ልጅ! ትምህርት ቤትሽ ወዴት፣ አንቺ ወዴት?»

«እየሄድኩ ነው፣ እትዬ።»

«በእግርሽ? አውቶቡሱ ሞቷል?»

ቦርሳዬን ቀማችኝና ካልነገርሽኝ አልሰጥሽም አለች። ነገርኳት፤ እየነገርኳትም አለቀስኩ። የቆምነው ሽንኩርት መደብ አጠገብ ስለነበር ሻጩ የእሱ ሽንኩርት ያስለቀሰኝ መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ።

«እትዬ፣ እባክሽ ለማንም እንዳትናገሪ።»

ቲማቲም የያዘውን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ሞቼ ነው ለሰው የምናገረው!» አለችኝ።

ማታ ወደ ቤት ስገባ የመጀመሪያው ፎቅ ሴትዮ በር ላይ ጠብቃ ጣፋጭ ዳቦ ሰጠችኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሉት አባወራ ራሴን ዳሰሱኝ። ሦስተኛው ላይ አንዲት አሮጊት «አይዞሽ፣ እኛ አለን» አሉኝ። ቤታችን ስደርስ አባቴ ኮቱን እንደለበሰ ተቀምጧል፤ ጎረቤታችን ደግሞ ከእናቴ አጠገብ ሆና የሳንድዊቹን ታሪክ በእጇ እያሳየች ትተርካለች።

«እኔ ነገ እሳፈርና በዚያ ሳንድዊች ላይ ቁጭ እላለሁ!» አለች።

እናቴ «ለአስተማሪዋ ብንነግራትስ?» አለች።

«ደግሞ አስተማሪ ምን ታደርጋለች?» አለ አባቴ። «ልጁን ትቀጣዋለች። የተቀጣ ልጅ ደግሞ ነገ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ይኸ የሽማግሌ ጉዳይ ነው።»

በዚያው ምሽት እኔን አስከትሎ ቄሳችን ቤት ሄደ። ቄሱ ጉዳዩን ሰምተው ትንሽ ግራ ተጋቡ። በእኛ ወግ ሽማግሌ የሚልክ በዳዩ ነው፤ የበደለው ሰው ይቅር እንዲባል የተበደለው ቤት ሽማግሌ ይላካል። የተበደለ ሰው ወደ በዳይ ሽማግሌ ሲልክ አይተው አያውቁም። አባቴም «እዚህ አገር ሁሉ ነገር ተገልብጦ የለ?» አላቸው፤ እሳቸውም ይህን ሊክዱ አልቻሉም።

«የቤቱ ትልቅ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ይህን እኔ አውቅ ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ኳስ ይጫወትና ከኢትዮጵያ ጎዳና ጀርባ ካለው የሴት አያቱ ቤት ምሳ ይበላል። ሥጋ ስለታጨቀበት የአያቱ የሊጥ ድብልብል ሾርባ ክፍል ውስጥ የማይሰማ የለም።

«እንግዲያ የሚኬደው አያቱ ዘንድ ነው» አሉ ቄሱ። «ወላጆቹማ እነሱም ልጆቿ ናቸው።»

አንድ ችግር ቀረ። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ወጉ ነው። ግን አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ሰፈሩን ቢያስሱ ዕብራይስጥ የሚችል ሽማግሌ ጠፋ፤ ዕብራይስጥ የሚችለው ሁሉ ልጅ ነው። ልጆቹ ደግሞ አማርኛቸው ከ«እሺ» አያልፍም። ሁለቱንም የሚችል አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ እሱም ባለጉዳይዋ ነበረች።

ሽማግሌዎቹ በቆረጡት ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቼ ፌርማታው ላይ ጠበቅኳቸው። ሦስት ናቸው። ቄሱ ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ኩታ፣ በእጃቸው ጭራ። ሁለተኛው ዝናብ ባይኖርም ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተዋል። ሦስተኛው ጆሯቸው ስለደከመ የሚባለውን ሁሉ «ልክ ነው» በማለት የሚያጸድቁ አዛውንት ናቸው። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ከፊት መራኋቸው።

የኢትዮጵያ ጎዳና ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ዛፍ። የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን በር ጋ ስንደርስ ነጠላ ያጣፋች አንዲት ሴት ብቅ አለች፤ ካገር ቤት ለመሳለም የመጣች መሆኗ ከአካሄዷ ያስታውቃል። ቄሱን ስታይ ደንግጣ እጥፍ ብላ ጉልበታቸውን ያዘች።

«አባታችን፣ ይባርኩኝ! መስቀልዎን ያሳልሙኝ!»

ቄሱ እጃቸውን ኩታቸው ውስጥ ሸሸጉ። «መስቀል የለኝም፣ ልጄ። ጭራ ነው ያለኝ።»

«ከየትኛው ገዳም ነዎት፣ አባቴ?»

«ኧረ እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ድሮ ከወገራ፣ አሁን ከኮረብታው ላይ።»

«ወገራ!» ብድግ አለች። «የእናቴ አገር!»

ከዚያ በኋላ መስቀሉም ገዳሙም ተረሳ። ስለ ወገራ ዝናብ፣ ስለ ወገራ ገብስ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳለ ተወራ። እኔ አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው እግሬ እቆማለሁ። በመጨረሻ ለምን እንደመጡ ጠየቀቻቸውና ጃንጥላ የያዙት አስረዷት።

«ለአውቶቡስ ወንበር?» አለች። እኔን አየችኝ፤ አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ። «ይቺን ነው ቆመሽ ሂጂ የሚሏት? እግዜር ያቅናላችሁ። አባቴ፣ እንዲያው በጭራውም ቢሆን ይባርኩኝ።»

ቄሱ ግራ ቀኝ አዩ፤ ከዚያም ጭራውን ከራሷ ከፍ አድርገው፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ቀስ ብለው ወዘወዙት። ረክታ ሄደች።

የአያትየዋ ቤት ከጎዳናው ጀርባ፣ ደረጃ ያለው ትንሽ የድንጋይ ቤት ነበር። አንኳኳሁ። አጭር፣ ወፍራም፣ ሽርጥ የታጠቁ አሮጊት ከፈቱልን። ነጭ የለበሱትን ሽማግሌዎች አይተው እኔ አፌን ሳልከፍት ተናገሩ፦

«ድመቱ የእኔ አይደለም! ባለፈውም ለመነኮሳቱ ነግሬያለሁ። ከእናንተ ግቢ ነው የሚመጣው።»

«ምን አሉ?» አሉኝ ቄሱ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ አሉ» አልኩ።

ቄሱም አመስግነው ወደ በሩ መቃን እጃቸውን ዘርግተው እዚያ የተለጠፈውን መዙዛ፣ ቃለ ኦሪት ያለበትን ትንሽ ሰንዱቅ፣ ነኩና ጣታቸውን ሳሙ። ሴትዮዋ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ይሁዲ ናችሁ? ምነው ቀድማችሁ አትናገሩም!» ብለው ሁላችንንም በክንዳችን እየሳቡ አስገቡን፤ ከኩርዲስታን በልጅነታቸው መምጣታቸውን፣ አባታቸውም እንዲሁ ነጭ ጥምጥም ይጠመጥሙ እንደነበር እየነገሩን ወንበር ደረደሩ። ሾርባው እሳት ላይ ይንፈቀፈቃል። «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ!»

ሽማግሌዎቹ በአንድ ቃል «አንቀመጥም» አሉ።

ይህ ነው እንግዲህ ወጋችን። ለልመና የሄደ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፤ ውኃም አይቀምስም። አገር ቤት ይህን የማያውቅ የለም፤ ባለቤቱም ቆሞ ይሰማል። የኩርድ አያት ግን አያውቁም። እሳቸው ቤት ገብቶ የማይቀመጥ ሰው አይተው አያውቁም።

«ወንበሩ ቆሽሿል እንዴ?» አሉና በሽርጣቸው ጠረጉት። «ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም።»

«ሻይ ላምጣ።» ሻይ መጣ። ማንም አልነካም። «ብስኩት!» ብስኩት መጣ። «ምግቤን ይጠራጠራሉ? የአያቴ ቤት ሰባት ዓይነት ሰው ይበላበት ነበር! እንዴት ያለ ስድብ ነው ይኼ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወንበር ተሸክመው ከአንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው ኋላ ይዞራሉ፤ ሽማግሌው ዘወር ሲሉ ወንበሩም አብሮ ይዞራል።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ አብርሃም ድንኳን ጀምረው፣ በረሃ አቋርጠን ስለ መምጣታችን፣ ስለ አንድ ሕዝብነት፣ ልጅ የጋራ ስለ መሆኑ ብዙ ተናገሩ። ሲጨርሱ አዩኝ።

«አንድ ነገር ሊለምኑዎት መጥተው ነው» አልኩ በዕብራይስጥ።

ቄሱ ቅር አላቸው። «እኔ ያን ያህል ተናግሬ፣ አንቺ ያችን ብቻ?»

«ልክ ነው» አሉ ጆሯቸው የደከመው።

«የፈለጉትን እሺ ብያለሁ!» አሉ አሮጊቷ። «ይቀመጡ ብቻ!»

ተረጎምኩ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያልተሰማ ልመና እሺ አይባልም። ጉዳዩን ንገሪያቸው።»

ጉዳዩን መንገር። የሌላ ሰው ነገር ቢሆን እተረጉም ነበር። የራሴን እንዴት ብዬ? ብስኩቱን አየሁት። ጫማዬን አየሁት። በሩ ተከፈተና ልጁ ገባ፤ ኳስ በብብቱ፣ ፊቱ በላብ ቀልቷል። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ቀጥሎ ጃንጥላውን፣ በመጨረሻ እኔን። ኳሱ ከብብቱ ወደቀና ከጠረጴዛው ሥር ገባ።

«ይህቺን ልጅ ታውቃታለህ?» አሉት አያቱ። «አንተ ጠይቃት! እነዚህ ሰዎች ቤቴ ገብተው ለምንድን ነው የማይቀመጡት?»

እሱ ኳሱን ፍለጋ ጎንበስ አለ። እኔ ግን፣ እንዴት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ ተናገርኩ።

«እሱ እኔን ስለማያስቀምጠኝ ነው።»

ቀሪው ከዚያ በኋላ እየተንጠባጠበ ወጣ፦ አውቶቡሱ፣ ኮቱ፣ ጫማው፣ ሳንድዊቹ። ሳንድዊቹ ላይ ስደርስ አያትየዋ የያዙትን ወንበር መሬት አስቀመጡ። ለማግስቱ ብለው እሳቸው ያስያዙት ሳንድዊች ነበር።

«እውነት ነው?»

«አዎ፣ ሳቭታ» አለ፤ አያቴ ማለቱ ነው።

«ለምን?»

ብዙ አሰበ። «አላውቅም።»

«ልክ ነው» አሉ ጆሯቸው የደከመው በአማርኛ።

ቄሱ ምን እንደተባለ ሲረዱ ለጃንጥላ ያዡ በቀስታ «አገር ቤት ቢሆን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነበር ይቅርታ የሚጠይቅ» አሏቸው። ለጨዋታ ያህል ነው ያሉት። እኔ ግን ተረጎምኩት። ያን ቀን አንድም ቃል ሳላስቀር የተረጎምኩት ይህን ብቻ ነው።

አሮጊቷ ወጥ ቤት ገቡ።

«ለልጅ እኮ አይደረግም!» አሉ ቄሱ ደንግጠው። ይህን ለመተርጎም ጊዜ አላገኘሁም፤ አሮጊቷ ትልቅ ክብ ድንጋይ ታቅፈው ተመልሰዋል። በኮምጣጤ የዘፈዘፉትን ጎመንና ቀይ ሥር የሚጫኑበት ድንጋይ ነው፤ ገና ይንጠባጠባል። ልጁ አንገቱ ላይ ተደረገለትና ጎንበስ አለ። ሮዝ ውኃ በሸሚዙ ኮሌታ ወረደ። ክፍሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ።

«ይቅርታ» አለ ወለሉን እያየ።

ቄሱ ፈጥነው ድንጋዩን አነሱለት፤ በዚያ በነጭ ኩታቸው ጫፍ አንገቱን ጠረጉለት። «በቃ፣ በቃ፣ አንተም ልጃችን ነህ» አሉት። ኩታቸው ላይ የቀረችው ሮዝ ነጠብጣብ በስንት እጥበት እንዳልለቀቀች በኋላ ከባለቤታቸው ሰምተናል። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ይቅር ማለት ያለብኝ እኔ ነኛ።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ዝም ልል ነበር፤ ግን ያ ሁሉ ሰው ለእኔ ቆሟል። «ግን መቀመጥ እፈልጋለሁ።»

አሮጊቷ አሁኑኑ ማለቴ መሰላቸው። በአንድ እጃቸው ወንበር ሳቡ፣ በሌላው ትከሻዬን ተጫኑ፣ ሳላስበው ተቀመጥኩ። ቀና ስል ቄሱ ቆመዋል፣ ጃንጥላ ያዡ ቆመዋል፣ ሁሉም ቆመዋል፤ እኔ ሕፃኗ ሽማግሌ ፊት ተቀምጫለሁ! እንደ ተቃጠለ ሰው ብድግ አልኩ።

«ተቀመጪ!» አሉኝ ቄሱ በቁጣ። «ለዚህ አይደል እንዴ የመጣነው?»

ተቀመጥኩ። ከዚያ እነሱም ተቀመጡ። ቄሱ ሻይ ብቻ ጠጡ፤ ጃንጥላ ያዡ ብስኩቱን ከነፍርፋሪው ጨረሱት። አሮጊቷ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ ሰው እያዩ ሁለት እጃቸውን ያጨበጭባሉ። ልጁ ለራሱ ወንበር ስላልተረፈ ቆሞ ሾርባውን በላ።

ይህ በሰላም አልቆ ነበር፤ ሰፈሬ ግን እርቁ መጽናቱን ማየት ፈለገ። በማግስቱ ጠዋት ፌርማታዬ ላይ አውቶቡሱ ቆመ፤ ገባሁ። ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘዋል። ጎረቤታችን ከፊት፣ የመጀመሪያው ፎቅ ሴትዮ ከኋላዋ፣ የሁለተኛው ፎቅ አባወራ፣ የሦስተኛዋ አሮጊት፣ መሃል ላይ ቄሱና ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ጃንጥላው ጭምር። ማልደው ሽቅብ ወደ መጀመሪያው ፌርማታ ወጥተው ከልጁ ቀድመው ተሳፍረዋል። ሾፌሩ በመስታወቱ ያያቸዋል፤ ምን ዓይነት በዓል እንደሆነ አልገባውም። ልጁ ቦርሳውን አዝሎ ኋላ ቆሟል። አንገቱ ገና ሮዝ ነው። ጓደኞቹም ቆመዋል፤ ቦርሳ የሚያስቀምጡበት ቦታ የለም።

ሲያዩኝ ሁሉም ብድግ አሉ። «ነይ ተቀመጪ! ነይ እኔ ጋ!» ትልቅ ሰው አስነስቼ ልቀመጥ? አልቻልኩም። «ኧረ ተቀመጡ፣ ኧረ በሞቴ» እያልኩ ወደ ኋላ ሄድኩና ከልጁ አጠገብ ያለውን ብረት ያዝኩ። እሱ አውቶቡሱን ከዳር እስከ ዳር አየው።

«ታፉስ» አለኝ በቀስታ።

ሳቅ አመለጠኝ። ድምፅ ያለው ሳቅ።

«ምን አለሽ? ረበሸሽ?» አለች ጎረቤታችን ከፊት ተንጠራርታ። አውቶቡሱ ጸጥ ብሎ ትርጉም ጠበቀ።

«ወንበር የለም ነው የሚለው፣ እትዬ።»

«ውይ፣ ልጁን!» አለች። ያ ሁሉ ሰው አሁን ለእሱ ብድግ አለ። «ና ልጄ፣ ተቀመጥ! አንገቱን ሳያመው አይቀርም! ና!» ከየአቅጣጫው እጅ ይስበዋል። ልጁ ቀላ፣ ብረቱን በሁለት እጁ ያዘና ከአያቱ ቤት የለቀማትን አንዲት የአማርኛ ቃል ጮክ ብሎ አወጣት፦

«አንቀመጥም!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ቄሱ ብቻ አልሳቁም። አንቀመጥም የሚል ሰው ልመና አለው ማለት ነው። ኩታቸውን አስተካክለው ወደ እሱ ዞሩ።

«ጉዳይህ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

ተረጎምኩለት። አንገቱን እያሻሸ አሰበ። ወደ ጓደኞቹ በጎን አይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «የድንጋዩን ነገር ለማንም እንዳይናገሩ።»

ልመናውን ለቄሱ አቀረብኩ፤ እሳቸውም ተገቢ ነው ብለው ለአውቶቡሱ አሳለፉት። ጎረቤታችን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ሞቼ ነው ለሰው የምናገረው!»

ያን መሐላ አውቀዋለሁ። ለልጁ ግን «እሺ ብለዋል» አልኩት። እሱም ልመናው እሺ የተባለለት ሰው እንደሚያደርገው ተቀመጠ፤ ከጎኑ ያለውን ወንበር ጎረቤታችን በግድ ለቃልኝ ኖሮ እኔም ተቀመጥኩ። ከገበያው ማዶ ያለው ቁልቁለት ከወንበር ላይ ሲታይ አጭር ነው። ያን ቀን ክፍል የገባሁት በሰዓቱ ነበር፤ አስተማሪዋ ስም ስትጠራ እኔ ጋ ደርሳ ቀና ሳትል «አለሁ» አልኩ። ደነገጠች።